ከመብረቁ ወራት አስቀድሞ ቤትን ስለ ማሰናዳት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እነሆ ሰኔ ተጋመሰ። ከጥቂት ቀን በኋላ፥ ሰኔ 26 ቀን፥ ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ዘመነ ክረምትን ትቀበላለች፤ እስከ መስከረም 25 ቀን ድረስም በዜማዋ ስለ ዝናም፥ ስለ ደመና፥ ስለ ዘርና ስለ ምንጮች ፈጣሪዋን ታመሰግናለች። አባቶቻችን ይህን ዘመን በደፈናው አልተዉትም፤ ከፍለው ለየክፍሉ ስም አወጡለት። እስከ ሐምሌ 18 ቀን ያለው የዘርና የደመና ነው። ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 ቀን ያለው ግን መብረቅ፥ ነጎድጓድ፥ ባሕር፥ አፍላግ፥ ጠል ይባላል። አፍላግ ማለት ወንዞች ማለት ነው። እኛ በዜማ ቤት ሳለን ይህን ለቃልና ለቁጥር ብለን አጠናነው፤ ኋላ በካህንነት በስሜን ተራራ ግርጌ ከገበሬው ጋራ ስንኖር ግን ሌላ ነገርም እንዳለበት አስተዋልን። የመብረቁ ወራት በስሙ ተጠርቶ አስቀድሞ የተነገረን፥ አስቀድመን እንድንሰናዳ ጭምር ነው።

በባሕር ዳር ያሉ አገሮችም ከባሕር የሚነሣውን ዐውሎ ነፋስ ስም ያወጡለታል። በግንቦት ወር 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው ዐውሎ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ በጎረቤታችን በሶማሌላንድ ምድር ላይ ሲወጣ፥ መምጣቱ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። ያ ዓይነቱ ዐውሎ ወደ ደባርቅ አይወጣም። እኛ ግን የራሳችን አለን። ደባርቅና ዳባት ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጧት ሰማዩ ጥርት ብሎ ይታያል፥ ቀትር ሲያልፍ ጉሙ ከገደሉ ሥር ይነሣል፥ ነፋሱ የጎጆውን ክዳን ይገልባል፥ በረዶውም የአንድ ዓመት ገብስ በአንድ ሰዓት ከመሬት ጋራ ያጣብቃል።

ስለዚህ ነገር ለመናገር ስንነሣ፥ ከሌላው ሰው በደል አስቀድመን የራሳችንን መናገር ይገባናል።

ጥቂት ዓመታት ሆነው፤ ከደባርቅ በእግር የሦስት ሰዓት መንገድ በምትርቅ አንዲት አጥቢያ እናገለግል ነበር። በሐምሌ መጀመሪያ በአንድ እሑድ፥ ቅዳሴ ሊፈጸም ሲል፥ የመንደሩ አስተማሪ ወደ እኛ ቀርቦ፥ «አባታችን፥ ሕዝቡ ሳይበተን ስለ መብረቅ ጥቂት ቃል እንድናገር ይፍቀዱልኝ፤ እረኞቹ በዛፍ ሥር ይጠለላሉ፥ ያሰጋኛል» አለን። እኛም የሚነገር ማስታወቂያ ነበረብንና፥ ሰማዩም ጠቁሮ ነበርና፥ «ዛሬ ጊዜ የለም፤ ሌላ እሑድ ትናገራለህ» ብለን መለስነው። አስተማሪውም ትሑት ሰው ነው፥ እጅ ነሥቶ ሄደ። የሚቀጥለው እሑድ መጣ፤ እኛም ረሳን፥ እርሱም ደግሞ ለመጠየቅ ዐፈረ።

በዚያው ወር መጨረሻ አንድ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ በጎቹን ይዞ ከተረተሩ ላይ ዋለ። ዝናሙ በመጣ ጊዜ፥ በዚያ ሜዳ ላይ ብቻዋን ከቆመች አንዲት ኮሶ ሥር ተጠለለ። ገሳውን እንደ ለበሰ፥ ሁለት በጎችም ከአጠገቡ ወድቀው፥ አመሻሽ ላይ አገኙት።

ለቅሶው በተቀመጠ በሦስተኛው ቀን እናቱ ወደ እኛ መጥታ በእግራችን ሥር ወደቀች። «አባቴ፥ ሰዎቹ አባቱ በበዓል ቀን አርሶ ነው ይላሉ። የማን ኀጢአት ነው? የእኔ ነው? የእርሱ ነው?» አለችን። እኛም አነሣናት እንጂ የረባ መልስ አልሰጠናትም። ዝም አልን። ዝም ያልነውም ሊቃውንት የተናገሩት ጠፍቶን አይደለም፤ የአስተማሪው ነገር ትዝ ብሎን፥ ኀጢአት የሚፈለግ ከሆነ ከእኛ ደጅ መጀመር እንደሚገባው ስላወቅን ነው።

የዚያን ቀን ያልነገርናትን ዛሬ በዚህ ራዲዮ እንናገራለን፤ ትሰማም ይሆናል። ጌታችን መድኃኔ ዓለም ክርስቶስ በወንጌለ ሉቃስ በ13ኛው ምዕራፍ፥ በሰሊሆም ግንብ ተንዶባቸው ስለ ሞቱት ስለ ዐሥራ ስምንቱ ሰዎች ሲናገር፥ ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ሰዎች ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ አስታውቋል። ሰሚዎቹንም የሟቾቹን ኀጢአት እንዲመረምሩ አላዘዛቸውም፤ እያንዳንዱ የራሱን ንስሐ እንዲገባ ነው ያዘዘ። እንግዲህ መብረቅ በመታው ልጅ ሬሳ ዙሪያ ቆሞ የአባቱን በዓል መሻር የሚቆጥር ሰው፥ ጌታ የከለከለውን ፍርድ ይፈርዳል። እኅታችን ሆይ፥ የልጅሽ ሞት የአንቺ ቅጣት አይደለም። ልጁ ያልተነገረው ነገር ነበረ፤ እንዲነገረው ልናደርግ ይገባን የነበርነው እኛ ነን።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ስንሰማ ልባችን ይቆስላል። ሰው ክዳኑን እንዲያጠብቅ፥ ቦዩን እንዲጠርግ ሲመከር፥ «እግዚአብሔር ያለው አይቀርም» ይላል። ቃሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን መልካም ቃል የስንፍና መሸፈኛ ሲሆን ያሳዝናል። ኖኅ ጻድቅ በእምነቱ የተመሰገነው ገና ስላልታየ ነገር በተነገረው ጊዜ መጥረቢያውን አንሥቶ መርከብ ስለ ሠራ ነው። ሙሴም በሕጉ፥ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ለሰገነቱ መከታ እንዲያበጅለት አዝዟል፤ ሰው ከዚያ ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። እግዚአብሔር ሰውን መጠበቅ ይችላል፤ ባለቤቱን ግን መከታ ሥራ አለው።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ አገር የሚስማማው በኦሪት ዘፀአት በ9ኛው ምዕራፍ የተጻፈው ነው። እግዚአብሔር በግብፅ ላይ በረዶ ሊያወርድ ባለ ጊዜ፥ ነገ በዚህ ጊዜ ይሆናል ብሎ በሙሴ አፍ አስቀድሞ ነገራቸው፤ በሜዳ ያለ ሰውና ከብትም ወደ ቤት እንዲገባ መከራቸው። ይህን አስተውሉ፤ ቅጣት ሲያመጣ እንኳ መጠለያውን አብሮ ተናገረ። ከፈርዖን ሹማምት ቃሉን የፈሩት አገልጋዮቻቸውንና ከብቶቻቸውን አስገቡ፤ ያልፈሩት በሜዳ ተዉአቸው። እንግዲህ በዚያ ቀን እግዚአብሔርን መፍራት የታወቀው እረኛን ወደ ቤት በመጥራት ነው። ደግሞ ያ ምዕራፍ፥ ገብሱና ተልባው ደርሶ ስለ ነበረ እንደ ተመታ፥ ስንዴው ግን ገና ስለ ነበረ እንደ ተረፈ ይነግረናል። የዳባት ገበሬ ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል፤ ዘሩን ሁሉ በአንድ እርሻና በአንድ ቀን የማይዘራ አስተዋይ ሰው በረዶ ባለፈ ማግስት የሚበላው አያጣም።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ሰኔ ሳያልቅ ክዳኑን እዩ። የሣር ክዳን ከሆነ ያረጀው ይለወጥ፥ ማሰሪያው ይጥበቅ፤ ቆርቆሮ ከሆነ የላላው ምስማር ይመታ። ነፋስ የገነጠለው ቆርቆሮ እንደ ሰይፍ ነው። ከቤቱ በላይ በኩል ውሃውን የሚቀለብስ ቦይ ቅደዱ፤ ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳይፈስም ተጠንቀቁ፥ በዚህ ምክንያት ስንት ጎረቤት ሲካሰስ አይተናልና። ጎታውን በድንጋይ ላይ ከፍ አድርጉ። ደረቅ እንጨትና ኩበት፥ ክብሪትና ባትሪ፥ ቆሎና በሶ፥ ጨውም ዝናም በማይደርስበት ስፍራ ይቀመጥ። የመሬት ይዞታ ደብተራችሁንና የልጆቻችሁን የክርስትና ወረቀት በላስቲክ ጠቅልላችሁ ሁሉ የቤት ሰው በሚያውቀው ስፍራ አኑሩት። ሌሊት በብርዱ ምክንያት የከሰል ፍም አስገብታችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ፤ ጢሱ ባይታይም ይገድላል።

ስለ መሬት መንሸራተት ጥቂት ጠንከር አድርገን እንናገራለን። ሐምሌ 14 እና 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፥ በጎፋ ዞን፥ በገዜ ጎፋ ወረዳ ተራራው ተንዶ ከ200 የሚበልጡ ወገኖቻችን አለቁ። መጀመሪያ ናዳው ጥቂት ቤቶችን ቀበረ፤ እነዚያን ለማውጣት የሮጡት ጎረቤቶች በመቆፈር ላይ ሳሉ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው ወረደ። ነፍሳቸውን ስለ ወንድማቸው ሰጥተዋልና እግዚአብሔር በአብርሃም ዕቅፍ ያኑራቸው። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ደግሞ እዚሁ ከእኛ ተራራ ማዶ፥ በጠለምት፥ ናዳ ሰው ገደለ፥ ብዙ ሰውም ከቤቱ አፈናቀለ። ዳገት ሥር ያለው መሬት ብዙ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፥ የሚይዘውም ሥር ከተመነጠረ ይለቃል። ይህም አስቀድሞ ምልክት አለው። ከቤታችሁ በላይ ያለው መሬት ከተሰነጠቀ፥ የአጥሩ እንጨት ወይም ዛፉ ካዘመመ፥ የምንጩ ውሃ በድንገት ከደፈረሰ፥ የቤቱ በር መዝጋት እንቢ ካለ፥ ያን ሌሊት እዚያ አትደሩ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ዘመድ ሂዱ፤ ለቀበሌውም ንገሩ። ናዳ ከወረደም በኋላ ለማዳን የሚሄዱት ሁሉ በአንድነት ከገደሉ ሥር አይቁሙ፤ አንድ ሰው ከፍ ብሎ ተራራውን ይጠብቅ። ወደ ዛሪማ የምትወርዱ መንገደኞችም፥ ከባድ ዝናም ሲሆን ሊማሊሞ ላይ ከገደል ሥር መኪና አቁማችሁ አትጠብቁ። በወንዝ ዳርም ቆላው ፀሐይ ሆኖ ሳለ ደጋው ዘንቦ ደራሽ ይመጣልና፥ ውሃው መጉደሉን ሳታዩ ከብት አታሻግሩ።

ስለ መብረቅ ደግሞ፥ አስተማሪው ሊናገረው የፈለገውን በእርሱ ፈንታ እንናገር። ኋላ ቤቱ ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠይቀን ተምረነዋል። ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቀስ ብላችሁ ቍጠሩ። ሦስት ቢቆጠር መብረቁ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሠላሳ ሳይሞላ ከተሰማ ቀርቧልና እረኛው በጎቹን ትቶም ቢሆን ወደ ቤት ይግባ። ነጎድጓዱ ካቆመም በኋላ ግማሽ ሰዓት ይታገሥ። ቤት ሩቅ ከሆነ ከተረተር ይውረድ፥ ከብቻዋ ዛፍ ይራቅ፥ አካፋና መጥረቢያ ከእጁ ይጣል፥ ጓደኞቹም ተራርቀው እግራቸውን ገጥመው ቍጢጥ ይበሉ፤ መሬት ላይ አይተኙ። መብረቅ የመታውን ሰው መንካት ያስይዛል የሚባለው ሐሰት ነው። በሰውነቱ ውስጥ የሚቀር ነገር የለም። ትንፋሹ ቢቆም እንኳ ደረቱን በብርቱ እየተጫኑ የሚረዳው ሰው ፈጥኖ ከደረሰ ሊነሣ ይችላል። ፈርተው ርቀው የቆሙበት ሰው ስንት እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቀዋል።

አባቶች ሆይ፥ ለእረኛ ልጃችሁ፥ «ከብቱን ጥለህ ብትመጣ ወዮልህ» ብላችሁ አትላኩት። ይህ ቃል በልጁ ጆሮ ከነጎድጓዱ ይልቅ ይጮኻል። ይልቁንም ዛሬ ማታ አስቀምጣችሁ፥ «በግ ይተካል፥ አንተ አትተካም» በሉት። በቃልም አትተዉት፤ ከእርሱ ጋራ ወጥታችሁ የሚጠለልበትን ስፍራ በዓይኑ አሳዩት።

ደግሞ የራሳችሁን ቤት ስታጠብቁ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ባል የሞተባት፥ ልጆቿ ወደ ከተማ የሄዱባት፥ ክዳን ላይ የሚወጣላት ሰው የሌላት እናት በየመንደሩ አለች። በዕድርና በማኅበር የምትሰበሰቡ ሁሉ፥ በዚህ ወር ከጽዋው አስቀድሞ የእርሷን ክዳን እዩ። የአምስት ሰው ግማሽ ቀን ነው።

ወንድሞቻችን ካህናት ሆይ፥ በቅዳሴያችን ስለ ዝናም እንጸልያለን፥ ስለ ምድርም ፍሬ እንለምናለን፤ ይህ አይጓደል። ነገር ግን ግብርና ወይም ጤና ጣቢያ ወይም ትምህርት ቤት የሚሠራ ሰው ቀርቦ ለሕዝቡ ጥቂት ቃል ልናገር ቢላችሁ፥ ጊዜ የለም አትበሉ። እኛ አልን፥ ከዚያም ጊዜ አገኘን፤ ለለቅሶ።

በመጪው እሑድ እኛ በምናገለግልበት ደብር፥ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በዋርካው ጥላ ሥር ይቆያል። ያ አስተማሪ እሺ ብሎ መንገዱን ሁሉ በእግሩ ይመጣል፤ ይናገራልም። እረኞቹን ይዛችሁ ኑ። በዚያ ሰዓት በጎቹን ጎረቤት ይጠብቃቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።