ስፒከር ከመግዛታችሁ በፊት ካርቶኑን አዙሩት

ጁባ፣ ኮሎሎ ሰፈር ሆናችሁ የምታዳምጡን ወገኖቻችን፣ ዛሬ ስለ ብሉቱዝ ስፒከር እናወራለን።

ሻጭ ሁልጊዜ ድምፁን ለቆ ነው የሚያሳምነው። እናንተ ግን መጀመሪያ ካርቶኑ ላይ «አይፒ» የሚለውን ፈልጉ። አይፒ 67 ከሆነ፣ 6 አቧራ አያስገባም ማለት ነው። 7 ደግሞ 1 ሜትር ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይችላል ማለት ነው። በ6 ፋንታ «ኤክስ» ካያችሁ የአቧራ ደረጃ አልተሰጠውም። ለጁባ በጋ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ መዋኛ ዳር ካልዋላችሁ በቀር ከውኃው ይልቅ አቧራው ያሰጋል።

ወደ ባትሪው እንምጣ። «20 ሰዓት ይሠራል» የሚባለው ድምፁ መካከለኛ ሲሆን ነው። እስከ ጥግ ከከፈታችሁት ቶሎ ያልቃል። መብራት በጄኔሬተር ሰዓት ብቻ በሚገኝበት ግቢ ደግሞ ማታውን ሙሉ በዝምታ ማሳለፍ ይመጣል። ሙቀትም የሊቲየም ባትሪ ጠላት ነው። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት፤ ቻርጅም ጥላ ውስጥ አድርጉት።

ስልኩን ከስፒከሩ ከ10 ሜትር በላይ ባታርቁ ይመረጣል፤ ግድግዳ ካለ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ወፍራም ድምፅ የምትወዱ ስፒከሩን ወደ ግድግዳ ጥግ አስጠጉት፤ ገንዘብ የማያስወጣ ማሻሻያ ነው። ጎረቤት ግን አይርሳችሁ!

ወደ አዲስ አበባ ስትበሩ ስፒከሩን አጥፍታችሁ በእጅ ሻንጣ ያዙት። ባትሪው ከ100 ዋት-ሰዓት ከበለጠ አስቀድማችሁ አየር መንገዱን አስፈቅዱ።