የዓሣ ሀብት ቴክኒሻን ምን ይማራል?



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ሙያ ነው። ሙያው የዓሣ ሀብት ቴክኒሻንነት ይባላል። ቴክኒሻን ማለት አንድን ሥራ በትምህርትና በእጅ ልምምድ የተማረ፣ መሣሪያ ይዞ የሚሠራ ባለሙያ ማለት ነው።

በጣና ዳር ይህን ሙያ ስናነሣ የሚገጥመን ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «ዓሣ ማጥመድ ከአባት ይማሩታል እንጂ ትምህርት ቤት ይገባለታል እንዴ?» ይሉናል። ጥያቄው እውነት አለው። መረብ መጣልን፣ የነፋሱን ጠባይ ማወቅን፣ ታንኳ መቅዘፍን ከአጥማጅ ልጅ የበለጠ የሚያውቅ ተማሪ እኛ አላየንም። ከዩኒቨርሲቲ መጥተን ይህንን እናስተምራችሁ ብንል ያስቅብናል። ቴክኒሻኑ የሚማረው ግን ማጥመድን አይደለም፤ መለካትንና መጻፍን ነው።

መለካት ለምን እንዳስፈለገ ከጣና ከራሱ እንነሣ። ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን በአማካይ 8 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በውስጡ ቆሮሶ አለ፣ አምባዛ አለ፣ እዚህ ነጭ ዓሣ የሚባለውም አለ። ነጭ ዓሣ አንድ ዘር ይመስላል እንጂ አንድ አይደለም። ተመራማሪዎች ከ15 የማያንሱ ዓይነቶችን ለይተውለታል። አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ከእነዚህ ቢያንስ ሰባቱ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ሐይቁ ውስጥ አይደለም። ክረምት ሲገባ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ሌሎችም ገባር ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። ንጹሕ ውኃ የሚሮጥበት ጠጠር ላይ ይጥላሉ።

ወንዙን ከመግባታቸው በፊት መግቢያው ላይ ይሰበሰባሉ። እዚያ መረብ የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት ብዙ ያገኛል። ያገኘው ግን እንቁላል የተሸከመ ዓሣ ነው። ብርብራ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ የሚበትን ደግሞ ትልቁንም ትንሹንም አብሮ ይፈጃል።

በሞተር ጀልባና በናይሎን መረብ ለገበያ ማጥመድ ጣና ላይ የተጀመረው በ1978 ዓ.ም. ገደማ ነው። በ1983 ዓ.ም. እና በ1993 ዓ.ም. መካከል የተደረገ ጥናት የነጭ ዓሣ መጠን በክብደት ሲታይ ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ አገኘው። ታዲያ ይህ እንዴት ታወቀ? አንዱ «ዓሣው ጠፋ» ይላል፤ ሌላው «ኧረ ዘንድሮ ነፋሱ ነው» ይለዋል። ሁለቱም ምለው ይናገራሉ። የሚለያቸው የተጻፈ ቁጥር ነው። አንድ ዓይነት መረብ በአንድ ቦታ፣ ለተወሰነ ሰዓት ይጣላል። የወጣው ሁሉ ይቆጠራል፣ ይመዘናል፣ ይጻፋል። ከዓመታት በኋላ ያው ሥራ እንደገና ይሠራል። የፊተኛው መዝገብ ባይኖር ኖሮ የኋለኛው ከምን ጋር ይተያይ ነበር?

እንግዲህ ሠልጣኙ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከመለኪያ ሰሌዳው ራስ ላይ የዓሣውን አፍ አስጠግቶ እስከ ጅራቱ ጫፍ በሴንቲሜትር ያነባል። በሚዛን ይመዝናል። ሆዱን ከፍቶ እንቁላሉ ገና ነው ወይስ ደርሷል፣ ይለያል። መረቡን ወጥሮ የዓይኑን ስፋት ይለካል፤ ዓይኑ በጠበበ ቁጥር ገና ያልወለደ ዓሣ ይያዛልና። ሥራው ቀላል ይመስላል። መቶኛው ዓሣ ላይ ሲደረስ ግን እጅ በውኃ ነጭቶ፣ ዝንብ ፊት ላይ እያረፈ፣ አጥማጁም «ቶሎ በል፣ ገበያው አለፈኝ» እያለ ነው። ያን ጊዜ ሳይመዝኑ «አምስት ኪሎ» ብሎ መጻፍ ያምራል። በእኛ አስተያየት ከሥልጠናው ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። የተገመተ ቁጥር ከተለካው ጋር አንድ ገጽ ላይ ከተጻፈ በኋላ ማንም ሊለየው አይችልም።

የውኃውንም ጠባይ ይማራል። 20 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው፣ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ክብ ሳህን በገመድ ወደ ውኃው ይወርዳል። ከዓይን ሲሰወር ገመዱ ይለካል፤ የውኃው ጥራት በዚህ ይታወቃል። ክረምት ላይ ሳህኑ ቶሎ ይጠፋል። ምክንያቱ ከማሳ ታጥቦ የመጣው አፈር ነው። እርከን ያልሠራ ገበሬና መረብ የሚጥል አጥማጅ ሳይተዋወቁ ይጎዳዳሉ ማለት ነው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና ላይ የታየው እምቦጭም ከዚህ ጉዳይ የራቀ አይደለም፤ ከማሳ ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያ ይመግበዋል።

ስለ ዓሣው ኑሮ የሚማረውም ደስ የሚል ነው። ቆሮሶን ውሰዱ። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ውኃ ሥር ጉድጓድ ይቆፍራል። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ከጣለች በኋላ ለቅማ አፏ ውስጥ ትይዘዋለች። እስኪፈለፈል ድረስ አትተፋውም፤ ምግብም እምብዛም አትቀምስም። ጫጩቶቹ ከወጡም በኋላ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ይህን ያየ ሰው «ልጆቿን በላች» ቢል አይፈረድበትም።

ዓሣው ከወጣ በኋላ ያለውን አያያዝም ይማራል፦ ቶሎ ማጠብን፣ አንጀቱን ማውጣትን፣ በረዶ ውስጥ መደርደርን። በዐቢይ ጾም ፈላጊው ሲበዛና ፀሐዩ ሲበረታ ይህ ዕውቀት ገንዘብ ነው። ሲያርዱ፣ ሲያደርቁና ሲሸጡ የሚውሉ እናቶች ልጆቻቸው ሴቶች ቢሆኑም ለዚህ ትምህርት እንደሚሆኑ እንዳይጠራጠሩ እንለምናለን። ሚዛን የሴትና የወንድ የለውም። ዋና መቻልና ተንሳፋፊ ሰደርያ መልበስ ግን ለሁሉም ግድ ነው።

ትምህርቱ የት አለ? የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በዓሣ ሀብት ያስተምራል። በግብርና ኮሌጆች በእንስሳት ሀብት በኩል የሚገባም አለ። የዓሣ ምርምር ማዕከላት በባሕር ዳር፣ በባቱና በሰበታ ይገኛሉ፤ በሰበታ የዓሣ ጫጩት ይራባል። ሒሳብና የሥነ ሕይወት ትምህርት የሚወድ ልጅ አይቸገርም።

አሁን ወደሚያስቸግረው ነገር እንምጣ። አገሪቱ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አላት። ተምሮ የተመለሰው ልጅ መዝገቡን ይዞ ወደብ ላይ ሲቆም፣ ጠባብ ዓይን ያለውን መረብ ከጀልባ የሚያወርደው አጎቱ ሊሆን ይችላል። ያሳደገው፣ ደብተር የገዛለት አጎቱ። «እዚያው ተወው፣ የኔን አትጻፍ» ቢለው ምን ያድርግ? «ሕግ ነውና ይጻፍ» ብለን ብቻ አናልፈውም፤ አጎትየውም የሚያበላቸው ልጆች አሉት። ለልጁ የምንነግረው ይህንን ነው፦ ለጥናት በሚሞላ ቅጽ ላይ ዋናው ነገር የመረቡ ባለቤት ማን ነው የሚለው አይደለም፤ የመረቡ ዓይን ስንት ሴንቲሜትር ነው፣ ምን ያህል ዓሣ ወጣ፣ ስንቱስ እንቁላል ይዟል የሚለው ነው። ስለዚህ አጎቱን አስቀምጦ፣ መረቡን አብረው ወጥረው ይለኩት። ቁጥሩን አጎትየው ራሱ ያንብበው።