ምዝገባው ለማን ይድረስ?

ለሰበካ ጉባኤ ጸሐፊዎችና ለልማት ኮሚቴ አባላት በተሰጠ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር



ከዚህ ቀደም ባዘጋጀነው የንጹሕ ውኃ አያያዝ ሥልጠና ላይ ከሩቅ ወረዳ ሁለት እናቶች መጥተው ነበር። ከዐሥር ቀን በፊት በጎግል ፎርም ተመዝግበዋል፤ አንደኛዋም ደረጃ መውጣት እንደማይችሉ በቅጹ ላይ አስጽፈዋል። እኛ ግን ማደሪያቸውን ሦስተኛ ፎቅ ላይ አዘጋጅተን ጠበቅናቸው። ጽሑፉ በሠንጠረዡ ውስጥ ነበረ፤ የከፈተው ሰው አልነበረም። የማደሪያው ኃላፊ፣ የምግብ አዘጋጆቹና መዝጋቢው የሚነጋገሩት በቴሌግራም ቡድን ስለ ነበር፣ ቅጹና ቡድኑ እንደማይተዋወቁ ጎረቤታሞች ሆነው ቆዩ። እኒያን እናት ሁለት ወጣቶች ደግፈው አወጧቸው። እርሳቸው መረቁን፤ እኛ አፈርን።

ከዚያ በኋላ ሁለቱን አገናኘን። አሠራሩ የሚያስፈራ አይደለም። በጎግል ፎርም የተሞላው መልስ ጎግል ሺትስ በተባለው ሠንጠረዥ ውስጥ ይገባል። ከሠንጠረዡ ጋር በሚገኘው አፕስ ስክሪፕት አጭር ትእዛዝ ይጻፋል፤ ቅጽ በተላከ ቁጥር ትእዛዙ በራሱ ተነሥቶ ወደ ቴሌግራም መልእክት ይልካል። በቴሌግራም በኩል ደግሞ ቦትፋዘር በተባለው አገልግሎት አማካይነት ቦት ይፈጠርና የቡድኑ አባል ይደረጋል። ዛፒየርንና ሜክን የመሰሉ፣ ትእዛዝ መጻፍ ሳያስፈልግ የሚያገናኙ አገልግሎቶችም አሉ፤ ሥራው ሲበዛ ግን በውጭ ምንዛሪ ስለሚከፈልባቸው ለአጥቢያ አንመክራቸውም። ቦቱ ሲፈጠር የሚሰጠው ረጅም የምስጢር ቁጥር እንደ ዕቃ ቤት ቁልፍ ይጠበቅ፤ ያገኘው ሁሉ በቦቱ ስም መልእክት መላክ ይችላልና።

የመጀመሪያው ሙከራችን ሌላ ስሕተት አስከተለ። በቅጹ ላይ ያለውን ሁሉ፣ ስልኩንም ሕመሙንም፣ አርባ ሰው ወዳለበት ቡድን አስተላለፍን። አንድ አባት ለብቻችን ጠርተውን፣ «ልጆቼ፣ የስኳር ሕመሜን ለእናንተ ነገርኋችሁ እንጂ ለአገሩ ሁሉ አልተናገርሁም» አሉን። መልስ አልነበረንም። የግል መረጃን ጥበቃ የሚመለከተው ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹት ጋር ይመድበዋል፤ ነገር ግን ያሳፈረን ከዐዋጁ ይልቅ የእርሳቸው ቃል ነው። አሁን ወደ ሰፊው ቡድን የሚሄደው ስንት ሰው ከየትኛው አጥቢያ እንደ ተመዘገበ ብቻ ነው። ሕመም፣ የአልጋና የምግብ ጉዳይ ሦስት ኃላፊዎች ብቻ ወዳሉበት ትንሽ ቡድን ይሄዳል።

ስለ ሰዓትም ጥቂት እንበል። ሠንጠረዡ የሚጽፈው በፈረንጆች ቀንና አቈጣጠር ስለ ሆነ፣ 8፡00 ያለው ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ ይህን ሳናስተውል ተሳታፊን ስድስት ሰዓት አስጠብቀናል። ደግሞም ቦት በአንድ ቡድን ውስጥ በደቂቃ ከ20 በላይ መልእክት እንዲልክ አይፈቀድለትም። የምዝገባው መዝጊያ ቀን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣልና፣ የሰፊውን ቡድን መልእክት በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ፣ ተጠቃልሎ እንዲላክ አድርገነዋል።

ከሁሉ የከበደን ግን መልእክቱን የሚያነሣው ማን ነው የሚለው ነበር። ሦስት ሰው ያነበበው መልእክት ሦስቱም «ሌላው ይሠራዋል» ብለው ሊተዉት ይችላሉ፤ እንዲህም ሆኖብናል። ስለዚህ በእያንዳንዱ መልእክት ላይ የሚመለከተው ሰው ስም እንዲወጣ አደረግን፤ ያም ሰው «ተቀብያለሁ» ብሎ ይመልሳል። እስከ ማታ ካልመለሰ ጸሐፊው ስልክ ይደውላል። ኔትወርክ የሌለባቸው አጥቢያዎች እንደ ቀድሞው በደብዳቤና በሰው ይልካሉ፤ ጸሐፊው ያንኑ ቅጽ ስለ እነርሱ ይሞላል።

ከሻይ ዕረፍት በኋላ ላፕቶፑን ይዘን በዚሁ አዳራሽ እንጠብቃችኋለን። ማያያዝ የሚፈልግ ሰበካ ቢኖር፣ አስቀድሞ የሦስቱን ኃላፊዎች ስም ወስኖ ይምጣ፤ የቀረውን አብረን እንሠራዋለን።