ወደ ሐኪም ያልመጣው ሕመምተኛ
ስለ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት የነርቭ ሕክምና ሥራ የቀረበ ንግግር



የነርቭ ሐኪም ሙያ ትዕግሥትን የሚጠይቅ ሙያ ነው። ሕመምተኛው ከበር ሲገባ አረማመዱ ይታያል፤ አነጋገሩ ይደመጣል፤ ጉልበቱ በመዶሻ ይነካል፤ የውስጥ እግሩ ይጫራል። ከእነዚህ ምልክቶች ጉዳቱ በአንጎል፣ በኅብለ ሰረሰር ወይም በዳር ነርቮች መሆኑ ይለያል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ጥበብ የሚያገለግለው ሕመምተኛው ከሐኪሙ ፊት ሲቀርብ ነው። ያልመጣውንስ ማን ይመረምረዋል? የፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ሥራ ለሙያው ያቀረበው ታላቅ ጥያቄ ይኸው ነው።

ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን የነርቭ ሐኪሞች አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር ረዳ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ አስተምረዋል። ስማቸው በይበልጥ የሚነሣው ግን ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ከምትገኘው ከቡታጅራ ጋር ነው። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በዚያ አካባቢ ገጠር ቤት ለቤት በመዞር 60,820 ነዋሪዎችን ያካተተ ጥናት አካሄዱ። በመጀመሪያ መጠይቅ ቀረበ፤ ቀጥሎም ምልክት የታየባቸው ሰዎች በሐኪም ተመረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ውጤት መሠረት 316 ሰዎች የሚጥል በሽታ ተገኘባቸው፤ ይህም ከ1,000 ሰው 5.2 ያህል መሆኑ ነው። በፖሊዮ የመጣ ሽባነትና በሥጋ ደዌ የተጎዳ ነርቭም በብዛት ከታዩት መካከል ነበሩ።

ቁጥሩ ብቻውን አያስደንቅም ይሆናል። የሚያሳዝነው፣ ከእነዚህ ሕሙማን መካከል ዘመናዊ መድኃኒት ያገኙት እጅግ ጥቂቶች መሆናቸው ነው። ፌኖባርቢታል ዋጋው አነስተኛ፣ አወሳሰዱም ቀላል የሆነ መድኃኒት ነው። ነገር ግን በሽታው በርኩስ መንፈስ ይመጣል፣ በንክኪም ይጋባል ተብሎ በሚታመንበት ቤት ሕመምተኛው ከሰው ይደበቃል። ምድጃ ዳር የወደቀውንም ሰው ለማንሣት የሚደፍር ይጠፋል። እንግዲህ በብዙ ሕሙማን አካል ላይ የሚታየው የቃጠሎ ጠባሳ የበሽታው ብቻ ሳይሆን የፍርሃቱም ምልክት ነው። ስለዚህም ጥናቱ የሕዝቡን አመለካከት ጭምር መረመረ።

ፕሮፌሰሩ በጣና ዙሪያ በደምቢያና በፎገራ ስለ ጓያ ሽባነት ያደረጉት ምርምርም ከዚሁ መንፈስ የመነጨ ነው። ጓያ ድርቅንም ረግረግንም የሚችል እህል በመሆኑ ሌላው ሰብል ሲጠፋ እርሱ ይተርፋል። ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን በውስጡ ያለው መርዝ እግርን የሚያንቀሳቅሱትን ነርቮች ይጎዳል። ብዙ ጊዜ የሚመታው ወጣቱንና ሠራተኛውን ነው፤ አንድ ጊዜ ከደረሰም ፈውስ የለውም። በዚህ ሕመም ፊት የሐኪሙ መዶሻ ጉዳቱን ከመመስከር በቀር የሚፈይደው የለም። መከላከያው ያለው በማሳውና በጎተራው ነው። መንስኤው ታውቆ ሳለ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በወሎ ደላንታ የእህል እጥረት በደረሰ ጊዜ በሽታው እንደገና ብዙ ሰው ሽባ አደረገ። እውቀት በወቅቱ እህል ካላስከተለ ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ይህ ያሳያል።

ፕሮፌሰር ረዳ በቡታጅራ የግራርቤት ተሐድሶ ማኅበርን መመሥረታቸው ጥናት ከታተመ በኋላም ሥራ እንዳላለቀ ይመሰክራል። ተመራማሪ ቤት ለቤት ዞሮ ሕመምተኛ ከቆጠረ፣ የተቆጠረው ሰው በተራው የሚጠብቀው ነገር አለ።

እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ ባለሙያዎች በአገር ውስጥ መሠልጠን ችለዋል። ምስል ማንሻ መሣሪያውም በርክቷል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ሆኖም ሐኪም የተጠራበትን አገልግሎት የሚለካው ተራ ይዘው በተቀመጡት ሕሙማን ብዛት ብቻ ከሆነ፣ ከጓዳ ያልወጣው ሕመምተኛ ዛሬም ሳይቆጠር ይቀራል። እያንዳንዱ ባልደረባ የዓመቱን መዝገብ ሲዘጋ፣ «ከየትኛው ቀበሌ አንድም ሰው አልመጣም?» ብሎ ቢጠይቅ የቡታጅራው ሥራ ይቀጥላል።