ከዶርዜ እስከ ሽሮ ሜዳ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ስደት ሲባል ሁላችንም ባሕር ማዶን እናስባለን። እኔ ግን የምናገረው ከዚሁ ከጉጌ ተራራ ወርደው አዲስ አበባ ስለ ከተሙት ሸማኔዎቻችን ነው።

የዶርዜ ሰው ሽመናን የተማረው አዲስ አበባ ገብቶ አይደለም። እናቶቻችን ከቆላ የመጣውን ጥጥ ይፈትላሉ፤ አባቶቻችን ከእንሰቱና ከገብሱ ሥራ በተረፋቸው ጊዜ ይሸምናሉ። ነገር ግን ደጋው ጠባብ፣ ሕዝቡም ብዙ ነው፤ የአባት መሬት ሲከፋፈል ለታናሹ የሚደርሰው ጓሮ የምታህል ናት። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች፣ የጋሞም አገር በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ ወዲህ፣ ነጠላና ኩታ የሚፈልግ ትልቅ ገበያ ተገኘ። አባቶቻችንም የሳምንታት መንገድ በእግራቸው ተጉዘው ከእንጦጦ ግርጌ፣ በሽሮ ሜዳና በጉለሌ ሰፈሩ። ከዶኮም ሆነ ከጨንቻ የሄደው ሸማኔ ሁሉ በዚያ «ዶርዜ» ተባለ።

ሸማውን እያደነቁ ሸማኔውን የሚንቁ ነበሩ። ይሁንና እኛም በአገራችን ሸክላ ሠሪዋንና ቆዳ ፋቂውን በምን ዐይን እንደምናይ መሸሸግ አይገባንም።

ስደቱን ያላቋረጠው የመስቀል በዓል ነው። ሸማኔው በመስከረም ለወላጆቹ ገንዘብና ልብስ ይዞ ይመጣል፤ ሰንጋ ይታረዳል፤ ይዘፈናል። በዓሉ ሲያልፍ ግን አንዳንዱ ብቻውን አይመለስም፤ የዘመድ ወይም የጎረቤት ልጅ ይዞ ይሄዳል። ልጁ መጀመሪያ ማግ ያጠነጥናል፤ እግሩ ሲረዝም ከጉድጓዱ ገብቶ መወርወሪያ ይይዛል። ዮሴፍ ወደ ግብፅ የወረደው ተሽጦ ነው፤ የእኛ ልጆች ግን ተመርቀው ይሸኛሉ! ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረው እንዲሁ ስለሆነ ወላጅ ክፉ ያደረገ አይመስለውም። ሆኖም ከወላጅ ርቆ፣ ያለ ደመወዝና ያለ ትምህርት ከማለዳ እስከ ሌሊት የሚሠራ ልጅ ሙያ ተማሪ ሊባል አይችልም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 የሕፃናት ጉልበት እንዳይበዘበዝ ደንግጓል፤ ነገር ግን አንቀጽ መናኸሪያ ቆሞ አውቶቡስ አያስቆምም። የሚያስቆም ቢኖር እናንተ ወላጆች ናችሁ። ሽመናው ይቅር አልልም፤ ልጁ እዚሁ ከአባቱ ጎን እየተማረ ይሸምን እንጂ።

እናቴና አባቴ ከመካከላችሁ ተቀምጠዋል፤ እንዳይቀየሙኝ እለምናለሁ። ታላቅ ወንድሜ በመስቀል ማግስት የሄደ ጊዜ ዕድሜው ዐሥር ነበር። እኔ እስከዚህ ክፍል የደረስሁት እርሱ በሚልከው ገንዘብ ነው። ባለፈው መስቀል መጥቶ ደብተሬን እየገለጠ ሲያይ ቆየና ስሙ እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀኝ። በመጨረሻው ገጽ ላይ ጻፍሁለት፤ ገጹን ቀድዶ በኪሱ ይዞት ሄደ።