የእስር ቤቱ በር ከተከፈተ በኋላ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

እኛ የደገሀቡር ሰዎች ጅጅጋ ስለነበረው ጄል ኦጋዴን የሚነግረን አያስፈልገንም። የሂዩማን ራይትስ ዎች ድርጅት በ2010 ዓ.ም ባወጣው ዘገባ፣ ብዙዎቹ እስረኞች ክስ እንኳ ሳይመሠረትባቸው ይሰቃዩ እንደነበር፣ ሴቶችም ተደፍረው እዚያው እንደወለዱ ገልጿል። እስር ቤቱ በ2011 ዓ.ም መጀመሪያ ተዘጋ። አልሐምዱ ሊላህ!

ነገር ግን የእስር ቤቱ በር ተከፍቶ የጎረቤት በር ቢዘጋስ? «አንድ ነገር ባያደርግ ኖሮ አይታሰርም ነበር» ስንል፣ ዳኛ ያልፈረደበትን ሰው እኛ በሐሜት እንፈርድበታለን። እውነቱን እንናገር፤ የተፈታ ወንድማችንን በሩቁ ሰላም ብለን ያለፍንበት ጊዜ አለ። አላህ ይማረን።

ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ያለ ጥፋታቸው ዓመታት ታስረዋል። ንጉሡ ሲያስጠራቸው ግን ወዲያው አልወጡም፤ በቅድሚያ ነገሩ ተጣርቶ ስማቸው እንዲጠራ ጠየቁ። ለተበደለ ሰው ስሙ ከነፃነቱ አያንስምና ነው። በኋላም አላህን ሲያመሰግኑ ከእስር መውጣታቸውን አነሱ እንጂ ወንድሞቻቸው የጣሏቸውን ጉድጓድ አላነሱም።

በእርግጥ አጥፍቶ የታሰረስ? ሶሐባው ከዕብ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ያለ ምክንያት ከተቡክ ዘመቻ በመቅረታቸው ለሃምሳ ቀናት ሰው እንዳያነጋግራቸው ተደርጎ ነበር። ተውባቸው ተቀባይነት ያገኘ ዕለት ወደ መስጂድ ሲገቡ፣ ጦልሓ (ረ.ዐ) ከተቀመጡበት ተነሥተው እየሮጡ ሄደው ጨበጧቸው፤ «እንኳን ደስ ያለህ» አሏቸው። ከዕብ ይህን ዕድሜ ልካቸውን አልረሱም። ውለታው የአንድ ሰላምታ ብቻ ነበር!

ስለዚህ ወገኖቻችን፣ የተፈታ ሰው ሲመጣ እስኪጠራን አንጠብቅ፤ ቤቱ ድረስ እንሂድ። ስለደረሰበት ስቃይ አናስጨንቀው፤ ራሱ ሲያወጋን እንስማው። ሥራ እንዲጀምር እናበድረው። እናቱ እስር ቤት የወለደችው ሕፃን አንዳች ኃጢአት የለበትም። ዐቂቃው ካልወጣለት እናውጣለት፣ ከልጆቻችን ጋር ቁርኣን ይቅራ። እናቱንም በክብር «እህታችን» እንበላት።

አንተም የተፈታኸው ወንድማችን፣ የሰው ሐቅ ካለብህ መልስ፤ የተውባ በር ክፍት ነው። አንተ በሌለህበት ቤቱን ብቻዋን ያቆመችውን ባለቤትህን አመስግናት፤ በአንድ ቀን ሁሉን ልምራ አትበል። እናንት ቤተሰቦችም፣ ሌሊት ቢባንን፣ ቀን ዝም ቢል ሶብር አድርጉ። አካሉ ቢመጣም ልቡ ገና በመንገድ ላይ ነው።

አላህ ያለ ጥፋት የታሰሩትን ይፍታልን፤ የተፈቱትን በመካከላችን ያኑርልን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።