የማናማው መስጊድና የእኛ የስኳር ክሊኒክ

(አሰላ ላይ በተደረገው የተመራቂዎች መገናኛ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ስኳር በሽታ ተናገሪ» ሲሉኝ ከአንድ መስጊድ ልጀምር ብዬ አስፈቀድኩ። ሳቁብኝ፣ ግን ፈቀዱ።

መስጊዱ የደሴቲቱ አገር የባህሬን ዋና ከተማ ማናማ ውስጥ ነው፤ አል ፋቲህ ይባላል። ለሙያ ስብሰባ ሄጄ አንድ ከሰዓት በኋላ ተርፎኝ ገባሁ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራ ሲሆን ከ7,000 በላይ ሰጋጅ ይይዛል። ጉልላቱ ከ60 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ያን ሁሉ የሚያክለው ነገር ደግሞ ፋይበርግላስ ነው! እብነ በረዱ ከጣሊያን፣ ትልቁ የጣሪያ መብራት ከኦስትሪያ፣ የበሮቹ እንጨት ከህንድ የመጣ ነው። ያምራል፣ ምን ይባላል። እኔን የያዘኝ ግን የበሩ ወግ ነው። ሙስሊም ያልሆነም ይገባል። ለሴቶች አባያ ያውሳሉ፣ አስጎብኚ ይሰጣሉ፣ የጠየቁትን ሁሉ በነፃ ያስረዳሉ። ኢንሱሊን ስለሚወጋ ጿሚ ጠየቅኳት፤ አስጎብኚዋ ሳትደናገጥ መለሰችልኝ። እኛ በክሊኒካችን ይህን ጥያቄ ስንቱን ታካሚ ጠይቀናል?

መቼም መስጊድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። መርካቶ ላይ አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ናቸው። በ2016 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም መጋቢት 2 ቀን አብረው ገቡ፤ ያን ሰሞን አርሲ ውስጥ ተመላላሽ ክፍል የሠራ ሰው ያስታውሰዋል፤ ወረፋ የያዘው ሁሉ ጿሚ ነበር።

አንድ አባት ልንገራችሁ። ከዲገሉ በኩል የመጡ ገብስ አራሽ ናቸው። ግሊቤንክላማይድ ይወስዳሉ። «ጠዋት ዋጥ» ስለተባሉ ሌሊት ሱሁር ላይ ውጠው ይጾማሉ። ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ላይ ወደቁ። ልጆቻቸው «ጾሙ ነው፣ ሲያፈጥር ይሻለዋል» ብለው ጠበቁ። ሆስፒታል ሲደርሱ መሽቷል። ግሉኮስ በደም ሥር ሰጠናቸው፤ ነቅተው መጀመሪያ ያሉት ምን መሰላችሁ? «ዶክተር፣ መድኃኒቱን እኮ አላቋረጥኩም።» ሃይማኖቱ ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥቷል፤ እሳቸው ግን በእግሬ እየሄድኩ እንዴት ታመምኩ እላለሁ ባይ ናቸው።

እንዲህ የሚያስቡት እሳቸው ብቻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ኤፒዲያር የተባለው ጥናት 13 አገሮችን አዳርሷል። ዓይነት 2 ስኳር ካለባቸው መካከል 79 በመቶው ቢያንስ 15 ቀን ጾመዋል። ከባድ የስኳር ማነስ በረመዳን ከሌላው ጊዜ 7.5 እጥፍ ጨምሯል። «አትጹም» ብሎ ማሰናበት እንግዲህ የትም አያደርስም። ሰውየው ይጾማል፣ ለእኛ ደግሞ አይነግረንም።

ሐሳቤ ይኸው ነው። ረመዳን ከመግባቱ አንድ ወር በፊት፣ አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ኢማሙ ከፈቀዱልን 15 ደቂቃ እንናገር። መጀመሪያ እሳቸው ስለ ፈቃዱ ይናገሩ፤ ያን ከእኛ አፍ ማንም አይቀበልም። ከዚያ እኛ፦ ጣት ተወግቶ ስኳር መለካት ጾም አያስፈታም። ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ እዚያው ማፍጠር ነው፣ መግሪብን መጠበቅ የለም። ክኒንም ሆነ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው መጠኑና ሰዓቱ እንዲስተካከልለት ቀደም ብሎ ይምጣ። ንግግሩ በኦሮምኛ መሆን አለበት፤ አማርኛዬን የሚታገሡኝ ታካሚዎቼ ብዙ ናቸው፣ መድኃኒት ግን በትዕግሥት አይገባም።

ሴቶቹን ጁምዓ ላይ ብዙም አናገኛቸውም። ለእነሱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹን እንያዝ፤ በገበያ ቀን ቢሆን ይሻላል።

የሚጎድለን የመለኪያ ስትሪፕ ነው። ውጭ አገር ያላችሁ ጓደኞቼ፣ ስትልኩ የማሽኑን ዓይነት አስቀድማችሁ ጠይቁን፤ ያለ ማሽኑ የመጣ ስትሪፕ መደርደሪያ ላይ ጊዜው ያልፍበታል። ከኢተያ፣ ከሳጉሬና ከበቆጂ አንድ አንድ መስጊድ ብንጀምር ለእያንዳንዱ ሁለት ሐኪምና አንድ ነርስ ይበቃል። ወረቀቱ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ለበቆጂ እኔ ተመዝግቤያለሁ።